መርዶ ነጋሪውን የመለሰችው እማማ ድንቄ

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ለማክሰኞ ጽሑፍ አደርሳለሁ ብያለሁ፤ አንድ መስመር የለም። ካንቺ ጋር ሲሆን ግን እጄ አይሰንፍም፣ ደብተሬ።

የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ከዛሬ ጀምሮ ዋ/አ እለዋለሁ፤ መጻፉ ሰለቸኝ። ያለፈው ወር ዐምዴ ከሁሉም በላይ ተነቧል አለ። ተከታዩን ይፈልጋል። አንባቢ ተስፋ ይወዳል ይላል። ደስ አለኝ። ትንሽ ኮራሁም፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

ጽሑፉ ስለ ድብርት ነበር። ጭንቅላታችን ውስጥ ሰብስታንስ ፒ የሚሉት መልእክተኛ አለ፤ ሕመምና ጭንቀት ተሸክሞ እየሮጠ የሕዋስ በር ያንኳኳል። መርዶ ነጋሪ አልኩት፤ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥቶ በር የሚመታውን። አዲሱ መድኃኒት በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መርዶ ነጋሪውን ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ስሜትን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ሕዋሶች ይነቃሉ፣ ሰውም ይፈካል። "በቅርቡ ከደጃችን ይደርሳል" ብዬ ዘጋሁት። ከየት አመጣሁት? ከስልኬ፣ ከውጭ አገር ጽሑፍ። ማረከኝ፣ ጻፍኩት።

እትዬ እታገኝ ለገበያ መጥታ ነበር። ድንቿን ሸጣ፣ ጨው ገዝታ፣ እኔ ቤት ዐረፍ አለች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ። ጋፋት አጠገብ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ አያሌው ከሞተ አራት ዓመቱ። ድብርቱ የያዛት ያኔ ነው። መብላት ተወች፣ መናገር ተወች፤ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብላ ጎረቤት አገኛት። ሆስፒታል ወሰድናት። ሰርትራሊን የሚሉትን የድብርት ክኒን ጀመረች፣ በቀን አንድ ፍሬ። ቀስ በቀስ ተመለሰችልኝ። አዲስ አበባን ትቼ እዚህ ደብረ ታቦር ቤት የተከራየሁትም ለሷ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው።

ዛሬ ግን አላማረችኝም። ስትገባ ግድግዳ ያዘች። ጭንቅላቷን ውስጥ ለውስጥ ብልጭ የሚያደርግባት ነገር አለ፣ እንደ መብረቅ። ሆድም ብሷታል፤ ሻዩ ቀዘቀዘ ብላ ተቆጣችኝ፤ እሷ፣ ተቆጥታ የማታውቀው። ድካም ነው አለች።

ከዚያ መጽሔቱን ከዘንቢሏ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ለኔ፣ የኔኑ ጽሑፍ። "እማማ ድንቄ" እያልኩ የምፈርመው እኔ መሆኔን አታውቅም። ከዋ/አ በቀር ማንም አያውቅም። የሰው ወሬ እየጻፉ በትንሽ ከተማ የሚኖረው ስም ደብቆ ነው።

አንድ የቆየ እትምም ይዛለች፤ ጠርዙ አልቋል። በአንድ ደጋ አገር ለሟች ባሏ በሬ ምስጢሯን የምታዋይ ሴት ያለችበትን። ባነበበችው ቁጥር እንደኔ ያለች አለች ለካ ትላለች። ፊቷ ይበራል።

ደብተሬ፣ ያቺ ሴት እሷው ናት። በሬውም የአያሌው በሬ ቦራ ነው። ሳላስፈቅዳት ነው የጻፍኩት።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ጽሑፉ አልደረሰም። የእትዬ ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ጋፋት ሄድኩ። ባጃጁ ኮረኮንቹ እስኪያልቅ፤ ከዚያ በእግር፣ ጫማ በእጅ። አጥር ሳልፍ ቀሚሴ ተቀደደ። እትዬ ልስፋልሽ፣ መርፌ ከሙዳዩ አውጪ አለችኝ።

ከፈትኩት። ክር፣ መርፌ፣ የአያሌው ፎቶ። ከሥር የሰርትራሊኑ እሽግ። ያልተነካ።

ጠየቅኳት። ምንም አልደነገጠችም። መጽሔቱ ከወጣ ጀምሮ ትታዋለች። ነገሩን እንደ ጎበዝ ተማሪ አስረዳችኝ። ኮሶ የሚጠጣ ሰው አስቀድሞ ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ እናታችንም እኛን ስታጠጣን እራት ትከለክለን ነበር። መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ከተደረበ ሆድ ውስጥ ይጣላል። ስለዚህ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ከሰውነቷ ጠርቶ መውጣት አለበት። ፍልሰታም እየገባች ነው፤ ጾሙ የቀረውን ያጠራዋል። መስከረም ሲጠባ አዲሱ ይደርሳል። እማማ ድንቄ በቅርቡ ብላለቻ።

"አየሽ ትርንጎዬ፣ ቀድሜ ተዘጋጀሁ" አለችኝ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። መርፌውን አቀበልኳት። ቀሚሴን ሰፋችልኝ። ስፌቷ ይንቀጠቀጣል፤ ድሮ እንደ መኪና ነበር የምትሰፋው።

ያቺ "በቅርቡ" የምትል አንዲት ቃል። ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምር ብዬ ነበር የጨመርኳት።


ሐምሌ 30፣ ረቡዕ፣ 6 ሰዓት

ጧት ሆስፒታል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ወረፋ። ሲ/ር አዳነች እትዬን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትከታተላት ናት። ፈርጠም ያለች፣ ቀልድ የምታውቅ። ስለ አዲሱ መድኃኒት ጠየቅኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ባጭሩ የነገረችኝ፦ ነገሩ ፈጠራ አይደለም። በእንስሳ ላይ ሲሞክሩ፣ የሰብስታንስ ፒን መቀበያ በር በመድኃኒት ሲዘጉት፣ የሴሮቶኒን ሕዋሶች ሥራቸውን አፋጥነዋል። በሰውም መጀመሪያ ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ኋላ ብዙ ሰው ላይ ሲሞከር መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ለድብርት መሆኑ ቀረ። መድኃኒቱ ግን ሌላ ሥራ አገኘ፤ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱትን ከማስታወክ ይጠብቃል። ለድብርት ለምን አልሠራም ብላት እርግጠኛ መልስ የላትም። ምናልባት በሩ በደንብ አልተዘጋ ይሆናል። ምናልባትም የሰው ሐዘን በአንድ በር ብቻ አይገባ ይሆናል። እነ ሰርትራሊን በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ሴሮቶኒኑ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያቆዩታል። ለእትዬ የሠራላት ይኼ ነው።

ሌሎች ሁለት ታካሚዎችም መጽሔቱን ይዘው መጥተው ጠይቀዋታል። "ያቺን እማማ ድንቄ ባገኛት እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ወረፋውን ሁሉ እሷ እንድትመልስ አደርጋት ነበር" አለችኝ። ሳቅኩ። የራሴ ሳቅ አስጠላኝ።

የጭንቅላቷ መብረቅ መድኃኒቱን ድንገት ከማቆም ነው፣ ያልፋል አለች። የሚያሰጋት የቀድሞው ሕመም መመለሱ ነው። በራሷ እንዳትጀምር፣ ያለፋትን አካክሳም እንዳትውጥ፤ አምጫት። ምግብ ከተወች፣ ስለ ሞት ካወራች፣ ንብረቷን ማከፋፈል ከጀመረች አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳድሪ። ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ቤት ገብቼ ያን የውጭ አገር ጽሑፍ ፈለግኩት። ቀኑን አየሁ። ያኔ ሳላየው ያለፍኩትን። እኔ ገና ደንብ ልብስ ለብሼ ትምህርት ቤት ስመላለስ የተጻፈ ነው። የሻገተ ዜና ነው ትኩስ ብዬ ያቀረብኩት።


ነሐሴ 1፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ፍልሰታ ገባች። ከተማው ጸጥ ብሏል፤ ከደወሉ በቀር።

ለዋ/አ ደወልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ማረሚያ ይውጣ አልኩት። ከዚያ አባበለኝ። የአንባቢ ደብዳቤ ገጽ ላይ፣ ከታች፣ ሁለት መስመር ይበቃል አለ። ዐምዱ ላይ ከሆነ እማማ ድንቄ ትረክሳለች። በስሜ ልጻፈው አልኩት። ጭራሽ አለ። ስምሽ ከወጣ ማን ወሬ ይነግርሻል አለኝ። እውነቱን ነው። ጎረቤቴ ወ/ሮ ይታይሽ እንኳ አንድ ቃል አትነግረኝም፤ ያውም እሷ ካልነገረችኝ ባዶ ነኝ።

ደግሞስ መጽሔቱ የሚወጣው በወር ማለቂያ። እትዬ እስከዚያ?


ነሐሴ 2፣ ዓርብ፣ ከ9 በኋላ፣ ጋፋት

እትዬ ቤት ነኝ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። እሷ ውጭ፣ ለቦራ ሣር እየሰጠች።

ከቅዳሴ ስትመለስ ጠብቄ ሲ/ር አዳነች ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ፦

"አዳነች ጥሩ ልጅ ናት። እማማ ድንቄ ግን አትዋሽም። አንቺ ከሷ ታውቂያለሽ?"

ተከራከርኩ። እማማ ድንቄ ሐኪም አይደለችም፣ ወሬኛ ናት አልኩ። ፊቷ ተቀየረ። እኔን ነው የምትሰድቢ አለችኝ። ያቺ ሴትዮ እንደኔ ያለችውን ፈልጋ አግኝታ፣ ቁጭ ብላ አድምጣታለች። የሆስፒታሉ ሰው በሬ የሚያዋይ ሰው አይቶ ያውቃል? ለነሱ ይኼ ሕመም ነው። ለእማማ ድንቄ ግን ሴትየዋ ሰው ናት።

እምነቷ ሁሉ በዚያች በሌለችው ሴት ላይ ነው የቆመው።

ለጾም መፍቻ ንፍሮ ቀረበ። እኔ በላሁ፤ እሷ ሦስት ፍሬ። እንቅልፍ ካየች ቆይታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከዚያ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ ፍልሰታ ሲፈታ ቦራን ለአያሌው ወንድም ልሰጠው ነው አለችኝ።

ቦራን። ሰው ሲነካው የምትቆጣለትን። ለምን አልኳት።

"ሁልጊዜ እኔ አልኖርለት።"

ወጣ ብዬ ከአጥሩ ጥግ ኔትወርክ እየፈለግኩ ለሲ/ር አዳነች ደወልኩ። ዛሬውኑ አምጫት አለች። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል፣ ባጃጅ አይወጣም፤ ነገርኳት። እንግዲያው አጠገቧ እደሪ፣ ለብቻዋ እንዳትተዪያት፣ ክኒኑንም እጅሽ አስገቢው፣ ነገ ጧት ይዘሻት ነይ፣ ተረኛ ነኝ አለች። ደግሞ አትፍሪ፣ በግልጽ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም።

ጠየቅኳት። መሞት አስበሽ እንደሆነ ንገሪኝ እትዬ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድንጋይ የተፋሁ መሰለኝ።

"መሞት አይደለም። መንቃት ነው የታከተኝ" አለች።

እሽጉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከበሩ ጋ እተኛለሁ። ነገ አልሄድም ብትለኝስ? ተሸክሜ አልወስዳት። እሷን የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያም ሰው ከነጭራሹ የለም።

ወይም አለ።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት

አልሄድም አለች። ጾም ላይ ነኝ፣ ሱባኤዬን አታፍርሺብኝ። ለመንኩ። አለቀስኩ። እማማ ድንቄ ዋጪ ካላለች አልውጥም አለችኝ።

እማማ ድንቄ እኔ ነኝ አልኩ።

ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ እሱን ማጥፋት ከበደኝ። ልጅቷ ጨነቃትና ቀባጠረች አለች፣ ለቦራ ይመስል ወደ ደጅ እያየች። ስልኬን አወጣሁ፣ ለመጽሔቱ የምልካቸውን አሳየኋት። ዞር ብላም አላየችው።

ከዚያ ያልታተመውን ነገርኳት። ከጽሑፉ የቆረጥኩትን፣ ይበዛል ብዬ። ሴትየዋ ለበሬው ጨው ስታልሰው ጆሮው ላይ ጎንበስ ትላለች። ይችን ለአያሌው እንዳትነግርብኝ ትለዋለች። ያን ቀን በጉድባው በኩል መጥቼ ቆሜ ሰምቻት ነበር። ድምፅ አላሰማሁም።

እትዬ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ እንደ አሮጊት።

"ሌላዋ ሴት የለችማ?"

"የለችም እትዬ።"

ኋላ መናገር ጀመረች፣ ለራሷ ይመስል። የት አገር ትሆን እያለች ስታስብ ኖራለች። ጋይንት ትሆን፣ እስቴ ትሆን። አንድ ቀን ለንግሥ ስትሄድ ሰው መሐል ታገኛት ይሆናል። ስታገኛት የምትላትን እንኳ አዘጋጅታ ነበር። ሌሊት ስትነቃ ያቺም ነቅታለች ብላ ትጽናና ነበር።

ይኼን ነው የወሰድኩባት። ክኒኗን መጀመሪያ፣ አሁን ደግሞ ጓደኛዋን።

ይቅርታ አልኳት። የመድኃኒቱን ነገር ነገርኳት፤ ጽሑፉ ያረጀ እንደነበር፣ ቀኑን ሳላይ እንደጻፍኩ፣ ከእንስሳ ያለፈው ተስፋ ሰው ላይ ሲደርስ እንደቀረ፣ መስከረም ሲጠባ የሚመጣ ምንም እንደሌለ። ሰርትራሊኑ ግን አለ፤ አንድ ጊዜ መልሶሻል፣ አይቼዋለሁ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ሳነበው አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። መርዶ ነጋሪውን ከደጅ ቢመልሱት፣ የሞተው ይነሣል?"

አይነሣም አልኩ።

"ታዲያ ይኼን ሳታስቢ ነው የጻፍሽ?"

ሳላስብ ነው አልኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቦራ ጋ። በበሩ ስንጥቅ አያታለሁ፤ ዓይኔን ከሷ አልነቅልም። እጇ አንገቱ ላይ ነው። እየነገረችው ነው። ስለ እኔ መሆን አለበት።


ያው ቀን፣ 3 ሰዓት ከሩብ

እስካሁን እዚያው ናት። እኔ ደግሞ በርጩማ በሩ ላይ አድርጌ ማረሚያውን ጻፍኩ። ከሁሉ ያጠረው ጽሑፌ ነው፦

"እማማ ድንቄ ተሳስታለች። ለድብርት አዲስ መድኃኒት በቅርቡ ይደርሳል ያልኳችሁ ያረጀ ወሬ ነበር፤ በሰው ተሞክሮ አልሆነም። የምትወስዱትን መድኃኒት በእኔ ቃል ያቆማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። መድኃኒት እንደ ኮሶ ሆድ ባዶ አድርጎ የሚጠበቅ እንግዳ አይደለም። እኅቴ በእኔ ምክንያት አቁማ ታማብኛለች።"

ከሥሩ ትርንጎ ብዬ ፈረምኩ። የራሴ ስም እንግዳ ሆነብኝ።

ለዋ/አ ላክሁት፤ በዚያው ዐምድ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚሁ ስም። ካልሆነ ሌላ ጽሑፍ ከእኔ አይጠብቅ። አልመለሰም። ይመልስ አይመልስ፣ ሲ/ር አዳነችን ማረሚያውን ለእነዚያ ሁለት ታካሚዎች እንድታነብላቸው እጠይቃታለሁ። ወንበሩ ላይም አስቀምጪኝ እላታለሁ።

ዝናቡ አባርቷል። ጎርፉ ጎድሏል፤ ገበያተኛው በአጥሩ ሥር ማለፍ ጀምሯል። ድንች የጫነ አህያ፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ ጥላ የያዙ ቄስ።

እትዬ ዞረች። ወደ ቤቱ እየመጣች ነው። አይ፣ አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ ጫማዋን አጠለቀች። ወደ እኔ ሳታይ፣ ክኒኑ ጾም ስፈታ፣ ከዘጠኝ በኋላ ይሆንልኝ እንደሆነ አዳነችን ጠይቂልኝ አለች። እጠይቃለሁ አልኩ። ደግሞ ሌላ ነገር አላት። ከእንግዲህ ስለሷ ከጻፍኩ አስፈቅጄ፤ በሬውንም በስሙ። ቦራ ይባላል ብለሽ ጻፊ፣ እንዲሁ በሬ በሬ አትበይው። ለአያሌው ወንድም ትሰጪዋለሽ ወይ አልኳት። ገና አላወቅኩም አለች። ትናንት ግን ታውቅ ነበር።

ይቅር አላለችኝም። ይኼን ልጽፈው ይገባል። ፊቷ እንደተዘጋ ነው።

መንገድ ጀምራለች፤ ጎረቤቷን ቦራን እይልኝ ብላ፣ ወደ ገበያተኛው መሐል። እኔ ቦርሳዬን፣ እሽጉን፣ አንቺን እሰበስባለሁ። አሁን ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች፤ ጋፋት ሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ ገበያተኛው ሁሉ ዘወር እስኪል፦

"እማማ ድንቄ፣ ትመጪ እንደሁ ነይ፣ ረፈደ።"

ቄሱ ጥላቸውን ቀና አድርገው ወደዚህ እያዩ ነው። ሴቶቹም ቆመዋል። ልሂድ፣ ደብተሬ፣ ሳትቀድመኝ ልድረስባት።